ፒያሳ ከፌርፋክስ ጎዳና ስትታይ

የዛሬ ወጋችን የሚነሳው ከሎስ አንጀለስ ነው። በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ያለውን ሰፈራችንን የከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እዚህ ቡና ላይ ከሚነሱት ወሬዎች አንዱ የፒያሳ መፍረስ ነው።

አራዳ ስትነካ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በአጼ ምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ፋሽስት ጣሊያን ነጭና ጥቁርን ለይቶ ለማስፈር ሲል ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ገፋው። ፒያሳ የሚለው ስምም የቀረን ከዚያው ዘመን ነው።

ቀጥሎ ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ብዙው ነዋሪ የቀበሌ ተከራይ ሆነ። በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያ ስትፈርስ፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ልጅ የዳረ ሰው እንኳ በእጁ የነበረው የኪራይ ውል ብቻ ነው። ቤቶቹ ማርጀታቸውን አንክድም። ሰፈር ማለት ግን ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ እድሩ፣ ጉርብትናው፣ የዱቤ ሱቁም ጭምር ነው። ሰው ሲበተን እነዚህም አብረው ይበተናሉ።

እኛ ያለንበት ከተማም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ዩኒየን ስቴሽን የባቡር ጣቢያ የተሠራው የቀድሞውን ቻይናታውን አፍርሶ ነው። በኪራይ ይኖሩ የነበሩት ቻይናውያን መከላከያ አልነበራቸውም። ነገር ግን ገንዘብ አዋጥተው መሬት ገዙና በ1938 አዲሱን ቻይናታውን ከፈቱ። ዛሬም በቦታው አለ።

ከዚህ ምን እንማራለን? በፌርፋክስ የቆመው ምልክት ስም ነው እንጂ ካርታ አይደለም። ኪራይ የናረ ዕለት ምልክቱ ማንንም አያስጥልም። እቁብ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ተዋጥተን ሕንፃ መግዛት የሚያቅተን አይመስለኝም። የፒያሳ ልጆች የሆናችሁ ደግሞ በየአልበማችሁ ያለውን ፎቶ አውጡ፣ ከጀርባው የሰፈሩን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ፣ ለልጆቻችሁም አሳዩ። የፈረሰውን ቤት መመለስ ባንችል፣ ማን ይኖርበት እንደነበር ግን ማስቀረት እንችላለን።