ማሚቶው ዕቃውን አያሳይም፦ ከሎኪቻር እስከ ደቡብ ኦሞ

«ነዳጅ ሊወጣ ነው» ሲባል መሬት በውድ የሚገዛ፣ በብድር መጋዘን የሚሠራ ነጋዴ በየድንበሩ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚያስነሡት የሳይዝሚክ ጥናት መኪኖች ናቸው። እኔ የተማርኩት ንግድ ነው፤ ቢሆንም የእነዚህን መኪኖች ታሪክ ማወቅ ለኪሳችን ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንደ ገደል ማሚቶ ነው። ከባድ መኪና መሬቱን ያንቀጠቅጣል፣ ወይም ፈንጂ ይፈነዳል። ሞገዱ ወደ ታች ወርዶ የድንጋዩ ዓይነት በሚለወጥበት ቦታ ከፊሉ ይመለሳል። በመስመር የተደረደሩ፣ ጂኦፎን የሚባሉ መሣሪያዎች ይቀበሉታል። ማሚቶው ደርሶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ከፈጀበት መውረዱ 1 ሰከንድ ነው። ሞገዱ በዚያ ድንጋይ ውስጥ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ንብርብሩ 3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ አለ ማለት ነው።

አሜሪካዊው ጆን ክላረንስ ካርቸር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መድፍ የተተኮሰበትን ቦታ በድምፅ በማግኘት ጥናት ላይ ይሠራ ነበር። በ1921 ከባልደረቦቹ ጋር ያንኑ ሐሳብ ወደ መሬት ውስጥ አዙሮ ኦክላሆማ ላይ ሞከረው፤ ተሳካለትም።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ፣ ሼል በ1992 በኬንያ ቱርካና፣ በሎኪቻር ሸለቆ ሎፐሮት ላይ አንድ ጉድጓድ ቆፈረ። የዘይት ምልክት ቢገኝም ለገበያ የሚበቃ ስላልሆነ ተትቶ ተሄደ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ተሎው የተባለው ኩባንያ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ንጋሚያ ላይ ቆፍሮ ብዙ ዘይት አገኘ። ሸለቆው ያው ነው፤ የተቆፈረበት ቦታ ግን ሌላ ነበር።

ተሎው በዚያው ተስፋ ድንበር ተሻግሮ ወደ ደቡብ ኦሞ መጣ። እዚህም ጥናት ተደርጎ በ2013 ሳቢሳ፣ ቀጥሎም ቱልቱሌ ተቆፈሩ። ለገበያ የሚበቃ ዘይት ግን አልተገኘም።

ማሚቶው የሚያሳየው የጎተራውን ቅርፅ ነው፤ ውስጡ እህል ይኑር ገለባ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሲቆፈር ብቻ ነው። ተቆፍሮ ተገኘ ማለት ደግሞ ተሸጠ ማለት አይደለም። የሎኪቻር ዘይት ለሙከራ በቦቴ እስከ ሞምባሳ ተጉዞ የመጀመሪያው መርከብ የተነሣው በ2019 ነው፤ ንጋሚያ ከተገኘ 7 ዓመት፣ ሎፐሮት ከተቆፈረ 27 ዓመት ቆይቶ። ይህን ያህል ዘመን የባንክ ወለድ የሚችል መጋዘን የትኛው ነው?

የጥናት ቡድን ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ እንግዳ ነው። እስካለ ድረስ ውሃ፣ ሥጋ፣ አትክልት ይገዛልና በጥሬ ገንዘብ ሸጡለት። ከመበደራችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጉድጓዱ ተቆፍሯል? የተገኘው ለገበያ ይበቃል? እስከ ወደብ የሚያደርሰው መንገድ ወይም ቧንቧስ አለ?