የክብር ዘበኛ ጥሩምባና የአምኃ ሸክላ

ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ወጣቶቿ ጊታር አንሥተው የራሳቸውን ሮክ ፈጠሩ። በአዲስ አበባ ግን የዘመናዊው ሙዚቃ መሣሪያ ባለቤት በአመዛኙ መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች የነፉት ጥሩምባ የቤተ መንግሥት ነው። ጥላሁን ገሠሠ ዝናን ያተረፈው በክብር ዘበኛ፣ የኤልቪስ ፕሬስሊን አድናቂ የነበረው ዓለማየሁ እሸቴም በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ነው። መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ደንብ ልብሱም የመንግሥት ነበር።

ሸክላ የማሳተም መብት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ ማኅበሩ ግን እምብዛም አልሠራበትም። እ.ኤ.አ. በ1969 የሙዚቃ ቤት ባለቤት የነበረው ወጣቱ አምኃ እሸቴ ድንጋጌውን ደፍሮ የዓለማየሁን ዘፈን በሸክላ አወጣ። ሕግ መጣስ አያስመሰግንም ይባል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ድንጋጌው ተከብሮ ቢቀር ኖሮ የዚያ ትውልድ ዜማ ከፊሉ ከዳንስ አዳራሹ ጭስ ጋር በጠፋ ነበር። አምኃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎች አሳተመ፤ ሙላቱ አስታጥቄ አገርኛውን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያዋሐደበት «የካቲት» እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው በዚሁ አሳታሚ ነው።

በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። የሰዓት እላፊው ገደብ የሌሊቱን መድረክ ዘጋው፤ አምኃም እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር ወጣ።