ጭረት የሚቆጠርበት መዝገብ፦ የቻይና ፊደልና የመዝገበ ቃላቱ ታሪክ

የአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ አንባቢ አስቀድሞ ፊደል የቆጠረ ነው። የቃሉን የመጀመሪያ ሆሄ አይቶ የፊደሉን ተራ ይከተላል። ትርጉሙን ባያውቅ እንኳ ቃሉን ማንበብ ስለሚችል ከቦታው ይደርሳል። በቻይና ጽሕፈት ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ምልክት በአብዛኛው አንድን ክፍለ ቃልና አንድን ትርጉም በአንድነት ስለሚወክል፣ ተማሪው እንግዳ ምልክት ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ ንባቡም ትርጉሙም ይሰወረዋል። ታዲያ ሊያነበው ያልቻለውን ነገር በየትኛው ተራ ይፈልገው? የቻይና መዝገበ ቃላት ታሪክ በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ታሪክ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረውም የመዝገቡ ተራ በተለወጠ ቁጥር፣ ያለ መምህር ማንበብ የሚችለው ማን እንደሆነም አብሮ መለወጡን ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ መልስ የሀን ሥርወ መንግሥት ሊቅ የነበረው የሹ ሸን ነው። ሹ ሸን «ሹዎወን ጂየዝ» የተባለውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ100 ፈጸመ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረበው ግን በ121 በልጁ አማካይነት ነው። በዘመኑ የጥንቱ አጻጻፍ እየተረሳ፣ ብዙዎች በአዲሱ የእጅ ጽሕፈት ቅርጽ ላይ ብቻ ተመሥርተው ምልክቶችን እንዳሻቸው እየከፋፈሉ ይፈቱ ነበር። የሕግ ሹማምንት ሳይቀሩ በእንዲህ ያለ ፍቺ ሕግ ይተረጉሙ እንደነበር ሹ ሸን በመጽሐፉ ድኅረ ቃል ያማርራል። ስለዚህ 9,353 ምልክቶችን ሰብስቦ በ540 ክፍሎች መደባቸው። የየክፍሉ አባላት የሚጋሩት አካል በክፍሉ መግቢያ ይቀመጣል፤ ይህን አካል «ርእሰ ክፍል» ልንለው እንችላለን። የክፍሎቹ ተራ «አንድ» ከሚለው ምልክት ይነሣና ከዐሥራ ሁለቱ የዘመን መቁጠሪያ ምልክቶች በመጨረሻው ይደመደማል። ይህ አደረጃጀት የምልክቶችን ምንጭ ለሚመረምር ሊቅ ጥልቅ ትርጉም አለው። አንድን ምልክት ለማግኘት ብቻ መጽሐፉን ለሚገልጥ ጀማሪ ግን፣ 540ውን ክፍሎች በቃሉ ካላጠና በቀር ብዙም አይረዳውም።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከ1,500 ዓመታት በኋላ ነው። ሜይ ዪንግዝዎ እ.ኤ.አ. በ1615 ባወጣው «ዝሁዌይ» በተባለው መዝገብ 33,179 ምልክቶችን ሰብስቦ ክፍሎቹን ወደ 214 ዝቅ አደረጋቸው። ከሁሉ በላይ ግን ርእሰ ክፍሎቹን በጭረታቸው ብዛት፣ ከአንድ ጭረት እስከ ዐሥራ ሰባት ጭረት ደረደራቸው፤ በየክፍሉ ውስጥ ያሉትን ምልክቶችም እንዲሁ በቀሪው ጭረታቸው ቁጥር አስቀመጣቸው። ለምሳሌ «ማ» ተብሎ የሚነበበውን «እናት» የሚለውን ምልክት እንውሰድ። በግራው «ሴት» የሚለው አካል አለ፤ ጭረቱ 3 ነው። በቀኙ «ፈረስ» የሚለው ይገኛል፤ ይህም «ማ» ተብሎ ስለሚነበብ ድምፁን ያመለክታል፤ በጥንቱ አጻጻፍ ጭረቱ 10 ነው። ፈላጊው ባለ 3 ጭረቶቹን ርእሰ ክፍሎች አይቶ የ«ሴት»ን ክፍል ይገልጣል፤ ከዚያም ቀሪ ጭረታቸው 10 ከሆኑት መካከል ይፈልጋል። ለዚህ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ማየትና መቁጠር ይበቃዋል። እኛ በምሳሌ «ፊደል ቆጠረ» የምንለውን የቻይና ተማሪ ቃል በቃል ይፈጽመዋል።

ይሁን እንጂ መንገዱ ሁልጊዜ ቀና አይደለም። «መስማት» የሚለው ምልክት የተሠራው ከ«በር»ና ከ«ጆሮ» ነው። ጀማሪው ጎልቶ የሚታየውን በር ይዞ ቢሄድ አያገኘውም፤ በሩ ለድምፅ ሲባል የገባ ስለሆነ ምልክቱ የተመደበው በ«ጆሮ» ሥር ነው። «መጠየቅ» የሚለውም በሩን ትቶ በ«አፍ» ሥር ይገኛል፤ «መክፈት» ግን በ«በር» ሥር ነው። በሥርወ ቃል በተደራጀ የግእዝ መዝገበ ቃላት «መጽሐፍ» የሚለውን በ«መ» ፈልጎ ያጣ፣ ኋላም በ«ጸሐፈ» ሥር ያገኘ ተማሪ ይህን ችግር ያውቀዋል። ቃሉን ለማግኘት ቃሉን በከፊል ማወቅ ግድ ይሆናል።

የሜይ ዪንግዝዎን አደረጃጀት የመንግሥት ሥርዐት ያደረገው በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1710 ተጀምሮ በ1716 የተፈጸመው ታላቁ መዝገብ ነው። በ214ቱ ክፍሎች 47,035 ምልክቶችን ይዟል። የንጉሥ መጽሐፍ በመሆኑም መንቀፍ የሚያስጠይቅ ሆነ። ዋንግ ሺሆው የተባለ ሊቅ ምልክቶቹ ስለ በዙ ለፈላጊ እንደሚያስቸግሩ ገልጾ፣ በትርጉም የተደራጀ የራሱን መዝገብ አዘጋጀ። መዝገቡን በመንቀፉና የነገሥታቱንም ስሞች እንደ ሥርዐቱ ሳያጎድል በማተሙ፣ በቺየንሎንግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1777 በሞት ተቀጣ፤ መጽሐፉም እንዲጠፋ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1831 ግን ዋንግ ዪንጅ በቤተ መንግሥቱ ትእዛዝ መዝገቡን መርምሮ 2,588 ስሕተቶችን አረመ። አንዱን ለሞት ያበቃው ነቀፋ በሌላው ጊዜ የመንግሥት ሥራ ሆነ ማለት ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተራው እንደገና ተናወጠ። እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመው «ሺንኋ ዝዲየን» ምልክቶችን በንባባቸው ድምፅ ደረደረ። በ1956 በታወጀው የማቅለል ሥራ ብዙ ምልክቶች ጭረታቸው ተቀነሰ፤ የ«ፈረስ» 10 ጭረት 3 ሆነ፤ «እናት»ም ከቀድሞ ቦታዋ ተነሣች። በ1958 ደግሞ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ፒንዪን ጸደቀ። ድምፁን የሚያውቅ በድምፅ ይፈልጋል፤ የማያውቅ ግን አሁንም ወደ ርእሰ ክፍሉ ዝርዝር ይመለሳል። የሜይ ዪንግዝዎ መንገድ ያልተዘጋው ስለዚህ ነው።

ዛሬ በስልክ መስታወት ላይ ምልክቱን በጣት መሣል ስለሚበቃ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ሊመስል ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን ፍለጋው ራሱ ትምህርት ነበር። ተማሪው ምልክቱን ለማግኘት ሲል አካሉን ይለያል፣ ጭረቱን ይቆጥራል፣ የትርጉሙን ወገን ከድምፁ ወገን ይመረምራል። መልሱ በቅጽበት ሲመጣለት ይህ ሁሉ ይቀርበታል። እንግዲህ ለተማሪ መዝገብ የምናዘጋጅ ሁሉ ሁለት ነገር ልናስብ ይገባል፤ አንደኛው፣ የዋንግ ሺሆውን አቤቱታ ሰምተን ፈላጊውን እንዳናስጨንቅ፤ ሁለተኛው፣ ፈልጎ የማግኘትን ትምህርት እንዳናስቀርበት ነው።