ድምፅን «እኩል» የማድረግ ታሪክ

በትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ዕለት በቆርቆሮው አዳራሽ ያቀረብነውን የሙዚቃ ዝግጅት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከበሮው ደረታችንን ሲያንቀጠቅጠው፣ አንዲት እናት ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን የሠርግ ዘፈን ሲያዜሙ፣ አዳራሹ በእልልታ ሲቀልጥ! እኛም በስልክ ቀዳነው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስንከፍተው ግን ከበሮው ጣሳ የሚመታ ይመስላል፤ ጄኔሬተሩ ያጉረመርማል፤ የእናታችን ድምፅ ከእልልታው ሥር ተቀብሯል። ከመካከላችን አንዱ «ኢኳላይዘሩን እናስተካክለው» ብሎ ሁሉንም ወደ ላይ ገፋው። ድምፁ ጭራሽ ተሰነጣጠቀ። ታዲያ ይሄ ኢኳላይዘር የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ምን ይችላል? ምንስ አይችልም? በዚህ እትም ታሪኩን አብረን እንመልከት።

ቃሉ «እኩል አድራጊ» ማለት ነው። መነሻውም ሙዚቃ ሳይሆን ስልክ ነው። ድምፅ በረጅም የስልክ ሽቦ ሲጓዝ ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ ይበልጥ ይደክማል። ስለዚህ መሐንዲሶች በመንገድ የጎደለውን የሚያካክስ መሣሪያ በሽቦው ጫፍ ላይ አስገቡ። ዓላማቸው የተላከውና የደረሰው ድምፅ እኩል እንዲሆን ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ቆይቶም መሣሪያው ወደ ሲኒማ፣ ወደ ሬዲዮና ወደ ሙዚቃ ስቱዲዮ ገባ። በ1952 እ.ኤ.አ. ፒተር ባክሳንዳል የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ቤዝና ትሬብልን ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ቀላል ንድፍ አሳተመ። በብዙ ሬዲዮና ቴፕ ላይ የምናያቸው ሁለቱ ቁልፎች የዚያ ንድፍ ልጆች ናቸው።

ከበሮውስ ለምን ጣሳ ሆነ? አንደኛ፣ ትንሿ የስልክ ስፒከር ወፍራም ድምፅ የማውጣት አቅም የላትም። ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ጆሮ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን በተለይ ወፍራሙን ድምፅ መስማት ያቅተዋል። በአዳራሹ ደረት ያናወጠ ከበሮ በክፍል ውስጥ ዝግ ብሎ ሲከፈት የሚሳሳው ለካ በዚህ ነው። እዚህ ላይ ቤዙን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይረዳል።

የተቀበረው ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለዚህ የቢትልስ ታሪክ ጥሩ አስተማሪ ነው። ይህ የእንግሊዝ ባንድ በ1964 እና በ1965 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ፣ ሆሊውድ ቦውል በተባለው ገላጣ መድረክ ላይ ወደ 17 ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ ዘፈነ። ሕዝቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮኸ። ዘፋኞቹ የገዛ ራሳቸውን ድምፅ እንኳ በቅጡ አይሰሙም ነበር። ሙዚቃው በሦስት መስመር ቴፕ ቢቀረጽም አልጠራም ተብሎ ለዓመታት ተቀመጠ። በ1977 እ.ኤ.አ. አዘጋጃቸው ጆርጅ ማርቲን ቴፑን አወጣው። ራሱ እንደተረከው፣ አሮጌው ማጫወቻ እየጋለ ስላስቸገረ የአቧራ መሳቢያ ማሽን ገልብጠው ቀዝቃዛ አየር እየነፉበት ሠሩ! ቅጂውን ወደ 24 መስመር ቴፕ አዛውረው፣ በኢኳላይዘር አስተካክለው በሸክላ አወጡት። ሙዚቃው ተሰማ፤ ጩኸቱ ግን አብሮ ቀረ።

ለምን? ኢኳላይዘር ድምፅን የሚለየው በቅጥነትና በውፍረቱ እንጂ በባለቤቱ አይደለም። የሕዝቡ ጩኸትና የዘፋኙ ድምፅ አንድ ሰፈር ውስጥ ከሆኑ፣ አንዱን ስትቀንሱ ሌላውም ይቀንሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. የማርቲን ልጅ ጃይልስ እነዚያኑ ቅጂዎች እንደገና ሲሠራ የተሻለ የጠሩት፣ የተደባለቁ ድምፆችን በኮምፒዩተር ለመለየት የሚያግዝ አዲስ ዘዴ ስላገኘ ነው።

እኛም ይህን ካነበብን በኋላ ወደ ቅጂያችን ተመለስን። በመጀመሪያ ዋናውን ሳንነካ ሌላ ኮፒ አደረግን። ከዚያ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ጀመርን። ጄኔሬተሩ ያለበትን የታችኛውን ወገን ዝቅ ስናደርግ ጉርምርምታው ቀለለ፤ ከበሮውንም ትንሽ ይዞት ሄደ። ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን ጥቂት ስንቀንስ ድፍንፍን ያለው ድምፅ ተከፈተ። ቃል የሚጠራበትን፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለውን፣ በትንሹ ስናነሳ ከዘፈኑ ግማሽ ያህሉ ቃል ተሰማ። ግን እልልታውም አብሮ ተነሳ። የቆርቆሮው ገደል ማሚቶም አልጠፋም፤ እሱን ኢኳላይዘር አያጠፋውም።

ቀሪው ግማሽ በዚያ ቅጂ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ዘፈኑን በሙሉ የሚያውቁ ደግሞ በካምፓችን ከእሳቸው ሌላ አላገኘንም። ስለዚህ ሄደን ለመንናቸው። «እንዴ፣ ያን ሁሉ ጮኻችሁብኝ አሁን ድገሚ ትሉኛላችሁ?» ብለው ሳቁና እሺ አሉን። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ጄኔሬተሩ ሳይነሳ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ቤታቸው ውስጥ፣ ስልኩን ከአጠገባቸው አድርገን እንቀዳቸዋለን። እልልታውን እስከ መጨረሻው ድረስ እናቆየዋለን።

እናንተም በየብሎካችሁ እንዲህ ያለ ዘፈን የሚያውቁ እናትና አባት ካሉ ንገሩን፤ መጥተን አብረን እንቅዳ።