የሊማሊሞ ዳገትና የልባችን ምርመራ

ወዳጆቼና የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

አጎቴ በጉልምስናቸው ከዛሪማ ተነስተው የሊማሊሞን አቋራጭ በእግር ወጥተው ደባርቅ የሚገቡ ሰው ነበሩ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዳገት ላይ ደረታቸውን ይዘው ይቆማሉ። ትንሽ ሲያርፉ ይለቃቸዋል። «እርጅና ነው፣ ተወኝ ልጄ» ይሉኛል።

የታሪክ መምህር ነኝና ማገላበጥ ጀመርኩ። ለካ ይህንኑ ነገር እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን እ.ኤ.አ. በ1772 በታተመ ጽሑፉ ገልጾታል፤ ሕመሙ ሰው ሲራመድ፣ በተለይ ዳገት ሲወጣ ይይዛል፣ ቆም ሲል ይጠፋል። ምክንያቱን ግን አላወቀውም ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው የልብን ጡንቻ የሚመግበው የደም ሥር ቢጠብም፣ ሰውየው ቁጭ ባለበት የሚደርሰው ደም ይበቃዋል። ዳገቱ ሲመጣ ነው ጉድለቱ የሚታየው።

በ1970ዎቹ ሐኪሞች ይህንን በፎቶ ማየት ጀመሩ። ሰውየው በማሽን ላይ እንዲራመድ ይደረጋል (ሊማሊሞን ክፍል ውስጥ አስገቡት በሉት)፣ ልቡ በደንብ ሲመታ ጥቂት ጨረር የሚሰጥ መድኃኒት በደም ሥሩ ይወጋል፣ ከዚያ ካሜራ ደሙ የትኛው የልብ ክፍል እንደደረሰ ያነሳል። ሌላ ፎቶ ደግሞ በእረፍት ላይ ይነሳና ይነጻጸራል። በድካም ጊዜ ጠቁሮ በእረፍት የሚሞላ ቦታ ካለ፣ ሥሩ ጠቧል፣ ጡንቻው ግን በሕይወት አለ ማለት ነው። በሁለቱም ጊዜ ከጠቆረ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ ነው።

ትልቁ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። ፎቶ የተነሱትን ሰዎች ለዓመታት እየተከታተሉ ማን የልብ ድካም እንደመታው፣ ማን እንደሞተ ቆጠሩ። ፎቶው ደህና ከሆነላቸው መካከል በዓመት አደጋ የሚደርስባቸው ከ100 ሰው ከ1 በታች ሆነው ተገኙ። የጠቆረው ቦታ በሰፋ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል። ጥንቆላ አይደለም፣ ቆጠራ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የሰሜን ሰው ልብና ደም ሳይንስ ያልደረሰበት ነገር እንዳይመስላችሁ! በ1960ዎቹ ሃሪሰን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር ደባርቅን (3,000 ሜትር ገደማ) ከአዲአርቃይ (1,500 ሜትር ገደማ) ጋር አነጻጽሮ በ1969 አሳተመ። በ2002 ሲንቲያ ቢል፣ የኛው አምሃ ገብረመድኅንና ሌሎች በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው፣ ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ከባሕር ጠለል ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። በፔሩ ተራሮች ደማቸው እየወፈረ የሚታመሙ ሰዎች አሉ፤ ካርሎስ ሞንሄ በሽታውን የገለጸው በ1925 ነው። የኛ ደገኛ ግን ሌላ መንገድ አለው።

ቀጥሎ በ2011 የታተመው ጥናት ልብን በአልትራሳውንድ አየ። 3,700 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን 1,200 ሜትር ላይ ካሉት፣ ማለትም እንደ ዛሪማ ካለ ቆላ ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ሥር ያለው ግፊት በደጋው 28 ገደማ፣ በቆላው 22 ገደማ ሆነ። የሚገርመው ግን የሳንባው ሥር አልጠበበም፤ ግፊቱ ከፍ ያለው የሚፈሰው ደም ስለበዛ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ሕዝብ ነው። የአጎቴን ነገ የሚናገር አይደለም። ለእሱ ያ ፎቶ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ እዚህ የለም። አልትራሳውንድ በመኪና ተጭኖ ተራራ ይወጣል። ለፎቶው በብዛት የሚጠቅመው ቴክኒሺየም ግን በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የሚገኝበት ሞሊብዲነም ራሱ በ66 ሰዓት ይጋመሳል፣ ከውጭ በአውሮፕላን መጥቶ ቶሎ ቶሎ መተካት አለበት። አንድ ሆስፒታል «አዲስ አበባ ሂዱ» ብሎ ወረቀት ጽፎላቸዋል። ወረቀቱ ከመስቀሉ ጀርባ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል፣ እሳቸው ደግሞ አዝመራው ይግባ ይላሉ። እኔ ግን እህሉን ሌላ ሰው ያስገባው ብዬ እየተከራከርኩ ነው፤ ለመሳፈሪያውም ከወንድሞቼ ጋር ማዋጣት ጀምረናል።

እስቲ ከዛሪማም ከደጋውም የሆናችሁ፣ ያኔ ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ተቀብቶ ልቡን በማሽን የታየ ዘመድ ካላችሁ ጻፉልኝ። ምን እንደነገሯቸው መስማት እፈልጋለሁ።