ጅብ ከሄደ ውሻ እንዳይጮኽ

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ወደ ቤተሰቦች ስሄድ ደጋግሜ የምሰማው አባባል አለ። ከሠፈሩ አጠገብ ሰፊ መንገድ ወይም ፋብሪካ ሊሠራ ነው ሲባል ሽማግሌዎች «ልጄ፣ ቤቱ የመንግሥት ኪራይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይላሉ።

አባባሉ ሥር አለው። በታሪክ እንደሚነገረው ከ15ኛው መቶ ዘመን፣ ከአፄ ይስሐቅ ጊዜ ጀምሮ አባቶቻችን ርስት ተነፍገው በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው ኖረዋል። ርስት የሌለውን ሰው ስለ መሬት ማን ይጠይቀዋል?

የእስራኤል ሕግ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1965 (በአውሮጳ አቆጣጠር) የወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ፣ አንድ ፕላን ለሕዝብ ዕይታ ሲቀርብ «ይጎዳኛል» የሚል ሰው ተቃውሞ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ይህም በዕብራይስጥ «ሂትናግዱት» ይባላል። ለዚህ የመሬት ባለቤት መሆን ግዴታ አይደለም።

ይሁን እንጂ መብቱ ሁልጊዜ አልተከበረም። በ1967 በቴል አቪቭ፣ በያርኮን ወንዝ መፍሰሻ ላይ «ሬዲንግ ዳሌት» የተባለ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሊሠራ ሲታሰብ፣ ጭሱን የፈሩ ሰዎች ተቃወሙ። ክኔሴት ግን ማመንጫው በመደበኛው የፕላን ሥርዓት ሳያልፍ እንዲሠራ ልዩ ሕግ አወጣ። 150 ሜትር የሚረዝመው ጭስ ማውጫም ቆመ። ማመንጫው በተፈጥሮ ጋዝ መሥራት የጀመረው በ2006 ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1982 የወጣው ደንብ ታላላቅ ሥራዎች በአካባቢው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና አዘዘ። በ1988 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ 20,000 ያህል መኖሪያ ቤቶች እንዲሠሩ የሚያቅደው «የሳፍዲ ፕላን» በቀረበ ጊዜም በሺህ የሚቆጠሩ ተቃውሞዎች ገቡ። ብሔራዊው የፕላን ምክር ቤት በ2007 ፕላኑን ውድቅ አደረገው። ተራሮቹን ያዳናቸው ጩኸት ብቻ ሳይሆን በጊዜው የገባ ጽሑፍም ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አገር ቤት ነገር ሁሉ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በሽማግሌ ፊት፣ በአፍ ይነገር ነበር። እዚህ ግን ተቃውሞ በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ «ታጽሂር» ከሚባለው የቃለ መሐላ ወረቀት ጋር ካልቀረበ አይታይም። በመደበኛው ፕላን ጊዜው 60 ቀን ነው። ማስታወቂያው በጋዜጣና በሠፈር ሰሌዳ ላይ የሚወጣው በዕብራይስጥ በመሆኑ፣ ብዙ ወላጆች ሳያዩት ቀኑ ያልፋል። ትራክተሩ ሲመጣ መጮኽ ደግሞ ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዕብራይስጥ የምታነቡ ወጣቶች በሠፈራችሁ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ለአባትና ለእናት አንብቡላቸው። ወላጆችም «ምን አገባን» ከማለት በፊት «ቀኑ መቼ ያበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። አየሩን የሚተነፍሰው ባለቤቱም ተከራዩም ነውና።