ሁለት ጥቅምቶች

ስለ ዓለም ችግር ስናወራ መደምደሚያችን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ መንግሥታት ካልተቀየሩ ምንም አይቀየርም እንላለን። ዛሬ ይህን አባባል ይዘን ወደ ሐይቅ እንሂድ።

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማን ያቋርጣል። በ1965 ዓ.ም. የተራበው የወሎ ገበሬ ቀየውን ጥሎ ወደዚህ ጎዳና ወጣ፤ መኪና እያስቆመ ለመነ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ፎቶ ይዘው ተመለሱ። የንጉሡ መንግሥት ግን ነገሩን መሸፈን መረጠ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳሳየው፣ ሰው እየሞተ እህል ከደሴ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ ነበር። የወሎ ሰው መግዣ አልነበረውማ!

ጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ጉዱን ለዓለም አወጣው። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሀብን የሸሸገ ሥርዓት ተቀየረ ተባለ።

አስር ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 1977፣ ያው ደርግ የአብዮቱን በዓል በታላቅ ድምቀት አከበረ፤ ኢሠፓም በዚያው ሰሞን ተመሠረተ። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነው፤ በዓሉ እንዳይደበዝዝ ግን ወሬው ታፈነ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ የማይክል በርክን ዘገባ፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከቀረጸው ምስል ጋር አሳየ። ዳግመኛ ጥቅምት፣ ዳግመኛ ወሎ፣ ዳግመኛ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን።

ዘውዱ ሄዷል፣ ርዕዮተ ዓለሙ ተገልብጧል፣ መሬት እንኳ ላራሹ ተሰጥቷል። ከክብሬ ይልቅ የሌላው ሞት ይቅለል የሚለው ልብ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

"የውስጥ ለውጥ ሆድ አይሞላም" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ለተራበ ሰው ስንዴ እንጂ ምክር አይሰጠውም። ነፃ ጋዜጣና የሚጠየቅ መንግሥትም የግድ ነው። ሆኖም ጋዜጣውን የሚጽፈው፣ መጋዘኑን የሚከፍተው፣ ሪፖርቱን የሚፈርመው ሰው ነው። እሱ ካልተቀየረ ሕጉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሐይቅ ይህን ቀድማ ታውቀዋለች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የጀመሩት ሰውን ከማነጽ ነው፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ራስን መግዛት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። የገዳሙ አለቃ በቤተ መንግሥት ትልቅ ስፍራ የነበረው ሲሆን፣ ማዕረጉ "ዓቃቤ ሰዓት" ይባል ነበር፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው።

ስለ ሌላው ብቻ ጽፌ እንዳላመልጥ፣ የራሴንም ልናገር። "የእኛ" የምለው ወገን ያጠፋውን ሰምቼ "አሁን ጊዜው አይደለም" ብዬ ያሳደርኩት ዜና አለኝ። የሌላው ወገን ጥፋት ሲሆን ግን አንድ ሰዓት አላሳደርኩትም። ደርግም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የንጉሡን ረሀብ አሳየ፣ የራሱን ሸሸገ። ልዩነታችን የሥልጣን መጠን ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ድርቁም፣ ጦርነቱም፣ ስደቱም ነገ ይኖራሉ፤ ብቻችንን አናስቆማቸውም። ዛሬ ማታ ግን ስልካችሁን ስትከፍቱ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ወገኔን ስለሚያሳፍር ብቻ ሳላጋራው ያለፍኩት የማን ለቅሶ ነው?